ከግርጌ የተቆረጠ ስም

አንለይ ገብረ ኪዳን ወረታ ላይ የሚታወቀው በብራና ነበር። የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፣ ፍቆ ፍቆ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ሲያሳሳው፣ የፎገራ ካህን ሁሉ ለዳዊቱም ለተአምሩም ከእሱ ዘንድ ይወስድ ነበር። ፊልም የሚሉት ነገር እጁ ከገባ ወዲህ ግን ሰው «የሸራው ደብተራ» ይለው ጀመር።

ነገሩ የመጣው በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ መሬቱ መኪና ሲችል፣ ስለ ከብት በሽታ የሚያስተምር ሲኒማ የጫነች መኪና ገበያው ዳር ቆመች። የመኪናዋ ኃላፊ ኃይለ ሚካኤል የሚባል፣ ጠጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ሳቅ የማያልቅበት ሰው ነበር። ሸራው ተወጠረ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ አንድ በሬ ሸራው ላይ ብቅ ሲል ፊት ያሉት ወደ ኋላ ሸሹ። ወዲያው ጠቅ! ፊልሙ ተበጠሰ። ቀጠሉት፣ ተበጠሰ። ደግመው ቀጠሉት፣ ያው።

«ኧረ ይኸ በሬ አንካሳ ነው! ሁለት እርምጃ አልሄደ!» አለ አንዱ፤ ገበያው ሳቀ።

አንለይ አልሳቀም። ጠጋ ብሎ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰ። «ጌታው፣ አዲስ ቦታ አይደለም የሚበጠስ። ቀደም ብላችሁ የቀጠላችሁት ላይ ነው።»

«ማጣበቂያው አርጅቶ ነዋ!»

«ማጣበቂያውስ ደግ ነው። ይዩት፤ አንዱ ወገን ያብረቀርቃል፣ አንዱ ፈዛዛ ነው። ብራናም የጠጉር ወገንና የሥጋ ወገን አለው። ፈዛዛው ቀለሙ ነው፤ ማጣበቂያው ቀለሙን ይዞ ይላቀቃል። መጀመሪያ ቀለሙ ተፍቆ ነው እንጂ የሚጣበቅ።»

ምላጩን አውጥቶ ፋቀ። እጁ የለመደው ብራና ማሳሳት ነውና መጀመሪያ አብዝቶ ፍቆ በሳው፤ ሰው አሁንም ሳቀበት። ሁለተኛውን እንደ ዓይን ብሌን ተጠንቅቆ፣ ቀለሙን ብቻ አንሥቶ አጣበቀው። በሬው ያን ማታ እስከ መጨረሻው ተራመደ።

ከዚያ ወዲህ ኃይለ ሚካኤል በመጣ ቁጥር ማረፊያው አንለይ ቤት ሆነ። የተበጠሰውን ሁሉ በጆንያ ያመጣለታል፤ አንለይ ይጠግናል፣ የተበላሸውን ይቆርጣል፣ ተዘባርቆ የመጣውን በሬውን ከእረኛው፣ መርፌውን ከሐኪሙ እያገናኘ በየተራው ይቀጥላል። ሚስቱ ገላነሽ የበኩር ልጇን ስትወልድም፣ በአርባው ቀን ሕፃኑን ተቀብሎ ክርስትና ያነሣው ኃይለ ሚካኤል ነው። አበልጅ ሆኑ። አበልጅነት ደግሞ በዚያ አገር ከሥጋ ዘመድም ይከብዳል።

ብራናው ግን ተረሳ። አንድ ቀን አለቃ ተክለ ሃይማኖት በራፉ ላይ ቆሙ።

«አንለይ፣ የዳዊቴ ብራና ሁለት ክረምት አለፈው እኮ።»

«ይደርስልዎታል አባቴ።»

«አይደርስም፤ ለዚያ ለብራና ፋቂው ለአዛናው ሰጥቼዋለሁ። አንተ ሸራህን ቀድስ።»

ሌሎቹም ካህናት አለቃን ተከትለው ወደ አዛናው ሄዱ። ገላነሽ ጨነቃት። «ምን ልንበላ ነው?» ስትለው፣ «አበልጄ ቃል ሰጥቶኛል፤ ደብረ ታቦር ላይ ፊልም የሚጠግን ሰው ሊቀጠር ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ» ይላት ነበር።

በ፶፯ ኃይለ ሚካኤል ሁለት የፊልም መቀጠያ ይዞ መጣ። «አበልጄ፣ መሥሪያ ቤቱ የትኛውን ይግዛ? ፈትነህ ጻፍልኝ። ወረቀትህን አይተው አንተኑ ይቀጥሩሃል።»

አንዱ ትልቅ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ መብራት ያለበት፤ ሌላው ጥቁር፣ ጭብጥ የምታህል ብረት። አንለይ በየአንዳንዳቸው አሥር አሥር ቀጥሎ አስኬደ። በትልቁ የተቀጠለው ሁሉ ሸራው ላይ ይዘላል። ቢመረምረው ፊልሙን በቀዳዳው የሚይዙት ጥርሶች ተበልተዋል፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ጠጉር በምታህል ይሳሳታል። የትንሿ ምላጭ ደነዝ ነበር፣ እሱን ስሎ አዳነው፤ ጥርሶቿ ግን ንቅንቅ አይሉም። ይህን ሁሉ፣ አፋፋቁን ጨምሮ፣ በዚያ ባማረ እጁ ጻፈው። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ስሙን ከግርጌ ያሰፍር የለ? እሱም እንደ ወጉ ትንሽ ክፍት ቦታ ትቶ፣ «ይህን የፈተነና የጻፈ አንለይ ገብረ ኪዳን ነው፤ አስቡኝ» ብሎ ጨረሰ። ለአበልጁ ሰጠው። ጠበቀ። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ።

ኅዳር ላይ መኪናዋ መጣች። ከኃይለ ሚካኤል ጋር አበረ የሚባል ወጣት ወረደ፤ የኃይለ ሚካኤል ሚስት ወንድም ነው። ትንሿን ብረት በሣጥን ይዟል። አበረ ሣጥኑን ሲከፍት፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታየ። አንለይ ፊደሉን ከሩቅ አወቀው። የእጁ ነው። ግርጌው ግን በምላጭ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ አንለይ ራሱ ለአበልጁ ባስተማረው አቆራረጥ። ከሥሩ በሌላ ቀለም የተጻፈ ቁራጭ ተቀጥሏል፤ «የሠራው አበረ»።

«አበልጄ፣ ስሜን የት ጣልኸው?»

ኃይለ ሚካኤል ያን ዕለት ሳቁ ጠፋበት። «አትቀየመኝ። የሚስቴ ወንድም ነው፣ ሥራ አጥቶ ቤቴ ተጎልቶ... በወረቀትህ እሱን አስቀጠርሁት፤ አንተማ ብራናህ አለህ።»

«ብራናዬን ማንን ብዬ ተውሁት?»

ኃይለ ሚካኤል ሸራውን ሊወጥር ሄደ። ጀምበር ጠልቃ ሲኒማው ተጀመረ፤ ገና ከመጀመሩ ፊልሙ ጠቅ አለ። አበረ የሚያብረቀርቀውን ወገን ፍቆ ኖሯል።

«አንለይ! ኧረ አንለይን ጥሩት!» አለ ገበያው።

አንለይ ሊሄድ ፊቱን አዙሮ ነበር። ከዚያ ከሩቅ አገር በእግር የመጡትን አሮጊቶች አየና ጠጋ አለ። «አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ መብራቱን ወደዚህ ያዙልኝ» አለ። ከአበልጅነት ወዲህ አንቱ ብሎት አያውቅም ነበር፤ ኃይለ ሚካኤል መብራቱን አቀረበ። አንለይ ፋቀ፣ አጣበቀ፣ ምስሉ ሲሄድ ሳያይ ወጣ።

ቤት ሲደርስ ገላነሽ ለእንግዳው መኝታ የቆዳ ጀንዲ አንጥፋ፣ ወጡን አሙቃ ትጠብቃለች።

«አበልጃችንስ?» አለች።

«አንሺው።»

«ምኑን?»

«ጀንዲውን። አበልጅ የለንም።»

ገላነሽ ወጡን ከእሳት አወረደች። ጀንዲውን ጠቅልላ ግድግዳው ሥር አቆመችው፣ ሕፃኑን ታቅፋ ተቀመጠች። በማግሥቱ አንለይ ማልዶ ከአዛናው ደጅ ቆመ፤ ከቆዳ ወጣሪዎቹ ጋር እንዲያውለው ለመነው። አዛናው ቀና ብሎ አየውና፣ «ግባ እንግዲህ፣ የአለቃ ዳዊት ነው የተያዘው» አለው። አንለይ ገብቶ የቆዳውን መወጠሪያ ጠፍር ያዘ።