ቤት ቁጥር 417

አረጋሽ ፕሮግራም ትጽፋለች፣ እኔ ኮምፒውተሩ የሚያነበውን ካርድ እበሳለሁ። በ1976 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን፤ ሰፈራችንም አንድ ነው፣ ንፋስ ስልክ። ኮምፒውተሩ አንድ ሙሉ ክፍል ይዞ ቀኑን ሙሉ ያጓራል። እኛ በላብ ስንጠመቅ ቬንትሌተር የተገዛው ለእሱ ነው። እኔ ምኑም አይጥመኝም ነበር። አረጋሽ ግን ወደዚያ ክፍል ስትገባ ቤተ ዘመድ እንደምትጠይቅ ሰው ቀሚሷን ታስተካክላለች።

አንድ አመል ነበራት። ሥራው የመጋዘን ከሆነ መጋዘን ሄዳ ከሠራተኞቹ ጋር ስትቆም ትውላለች እንጂ ዝም ብላ መጻፍ አትጀምርም። "ሰዎቹን ሳላይ ሥራውን አላውቀውም" ትላለች። እኔ የማከብራት ለዚህ ነው። አለቃችን ጓድ ደምሰው የማይወዷትም ለዚሁ ነው።

ነሐሴ ሃያ ቀን ጓድ ደምሰው ጠሩን። በከፍተኛችን ሥር ባሉት ቀበሌዎች ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ የሚወስዱ ቤተሰቦች ስም ዝርዝር በኮምፒውተር እንዲወጣ ታዟል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል፣ ለመስከረም ሁለት፣ መድረስ አለበት። አሮጌው ዝርዝር ይሻራል፤ በአዲሱ ላይ ስሙ የሌለ ምንም አያገኝም።

"አንድ ወር ይስጡኝ" አለች አረጋሽ። "ቀበሌዎቹን ዞሬ ልይ።"

"ምኑን ነው የምታይው? አንድ ቤት፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቤተሰብ። አሥራ ሁለት ቀን አለሽ።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እሷም ታውቀዋለች፤ ግን አሥራ ሁለት ቀን አሥራ ሁለት ቀን ነው። ፕሮግራሙ ቤተሰብን በቤት ቁጥር እንዲለይ አደረገችው። እኔም ጣቴ እስኪዝል ካርድ በሳሁ።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ዝርዝሩ ታትሞ ወጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አረጋሽ ልክ ማንም እንደሚያደርገው የራሷን ቤት ፈለገች። 417፣ አረጋሽ ሙሉሰው። ቀጥሎ 418 ነው። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

"ንግስት፣ ሐሚዳ የለችም" አለችኝ።

ሐሚዳ ደባሏ ናት። ቀበሌው አንዱን ቤት ለሁለት ሰጥቷቸው በኮምፔንሳቶ ከፍለው ይኖሩበታል። ሐሚዳ ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድገው ሳንቡሳ ጠብሳ እየሸጠች ነው። ዘይቱ ከቀረባት ሳንቡሳው ቀረ ማለት ነው። ካርዷን በእጄ የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ቤት ቁጥር ሁለተኛ ካርድ ሲመጣለት ማረሚያ መስሎት የመጀመሪያውን ያጠፋል። ሐሚዳን አጥፍቶ አረጋሽን ጻፈ።

ካርዱንና ዝርዝሩን አመሳከርን። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ቤተሰብ ጠፍቷል። ሁሉም ደባል ነው።

"ደባል ሆነሽ ደባል ትረሺ?" አልኳት። ዛሬም ያሳፍረኛል።

"እዚህ ስቀመጥ የማስበው ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር" አለች። "ቤቴ ትዝ የሚለኝ ቤቴ ስገባ ነው።"

ጓድ ደምሰው በሩን ዘግተው አዳመጡን። "የጎረቤትሽን ስም በእስክሪብቶ ጨምሪ" አሉ። "የቀረውን ከበዓሉ በኋላ እናያለን። አሁን ካወራሽው አሻጥር ነው የሚባለው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ።"

ሁላችንም እናውቃለን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ በልቤ ጨምሪና እንሂድ እያልኩ ነበር። ፈርቼ ነበር።

አረጋሽ እስክሪብቶውን ተቀበለች። 417ን ግን አልፈለገችም። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣ በራስጌው በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፈች፦ "ይህ ዝርዝር ስሕተት ነው። ደባሎች የሉበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ከሥሩ ፈረመች። እንዲህ የተጻፈበት ወረቀት ለበዓል አይቀርብም።

ሦስት ቀን እየተጠራች ቃሏን ሰጠች። ያዳናት ያው ፊርማዋ ይመስለኛል፤ ጠያቂዎቿ በገዛ አሻጥሩ ላይ የሚፈርም አሻጥረኛ አላጋጠማቸውም። ከኮምፒውተሩ አንስተው መዝገብ ቤት አስገቧት። ፕሮግራሙን ሌላ ሰው ከማስታወሻዋ እያየ አስተካከለ። እሷ ወደዚያ ክፍል ተመልሳ አልገባችም። አንዳንዴ በኮሪደሩ ስታልፍ ጉርምርምታውን ለመስማት ቆም ስትል ሳያት አንጀቴን ትበላው ነበር።

አሮጌው ዝርዝር ተሽሮ ስለነበር፣ አዲሱ እስኪመጣ የኅብረት ሱቁ አምስት ሳምንት ዘይት አላደለም። አረጋሽ ይህንንም አስባበት ነበር፤ አምስት ሳምንት ሁሉም ይጣ ወይስ ደባሎቹ ብቻ እስከ መቼውም ይጡ? መልሱ ለእኔ እስከ ዛሬ እንዲያ ቀላል አይደለም።

ጥቅምት ላይ ሦስታችንም ተሰለፍን። ሐሚዳ ጣሳዋን ታቅፋ ከፊታችን ቆማለች። አረጋሽ ስለ ሥራዋ ቤት ውስጥ ስለማታወራ ሐሚዳ የምታውቀው ነገር የለም።

"አረጋሽዬ፣ እናንተ ጋ ያለው ኮምፒውተር ነው አሉ ያለ ዘይት ያስቀመጠን" አለች ሐሚዳ። "ልጆቼን በጎረቤት ሹሮ አከረምኳቸው። ቆይ፣ ያንን የሠራው ሰው ልጅ የለውም?"

አፌን ልከፍት ስል አረጋሽ እግሬን ረገጠችኝ።

"ልጅ የለውም" አለቻት። "ደባል ግን አለው።"

ሐሚዳ ነገሩ አልገባትም። ባለ ሱቁ "417" ብሎ ሲጣራ ሁለቱም "አቤት" አሉ።