እፍኝ ሣር

ጣሊያን ቡሬ ሰፍሮ ሳለ እኛ ጅጋ የተስቦ በሽታ ገባና ሰው ከሰው ተራራቀ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራም የታመሙ ባላቸውን ይዘው በራቸውን ዘጉ።

በየማለዳው አጥሚት በጣባ አድርጌ አጥራቸው ሥር አስቀምጣለሁ። ማታ ጣባዬን ስወስድ ታጥቦ፣ እፍኝ ለምለም ሣር ተደርጎበት አገኘዋለሁ። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ የታጣ እንደሆን ሣር ጣል ይደረግበታል። ለእኔ ግን ሣሩ «ዛሬም አለን» ማለት ነበር።

አንድ ማታ ጣባው ባዶውን ጠበቀኝ። ተስቦውን ረስቼ አጥሩን ይዤ ጮህኩ።

«እትዬ ዘሀራ! ኧረ በእመቤቴ፣ አሉ ወይ?»

ደግሜ ስጮህ በሩ ገርበብ አለና እትዬ ዘሀራ ከስተው ብቅ አሉ። ዓይኔን ማየት አፍረዋል።

«አትቀየሚኝ ልጄ» አሉኝ፣ «ግቢው ውስጥ ሣር አለቀ።»