ጠበሌን የያዘልኝ እንግዳ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ለአንድ እንግዳ ሰው መንገድ አሳየሁ፣ በቃ። ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ቀጥ ብዬ ነው የምራመደው። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። እንግሊዝኛማ ጭራሽ አላነብም። ታዲያ ሰባ ሁለት ዓመት ሆኖኝም እግሬ አርፎ አይቀመጥም። ሴቷ ልጄ አስቴር እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ ወንዱ አሌክሳንድሪያ ነው። በሁለቱ መሐል በሜትሮ ባቡር እመላለሳለሁ። አስቴር ኮል አድርጊልኝና መጥቼ ልውሰድሽ ትላለች፤ እኔ እምቢ እላለሁ። የባቡሩን ቀለም አውቃለሁ፣ ፌርማታውን በጣቴ እቆጥራለሁ። አንዴ ብቻ ተሳስቼ እስከ መጨረሻው ሄጃለሁ፤ እዚያም ሻይ የጋበዘችኝ አንዲት የጎንደር ሴት አግኝቼ እስካሁን እንደዋወላለን። መጥፋትም እኮ የራሱ ጥቅም አለው።

ያን ቀን ከወንዱ ልጄ ቤት እየተመለስኩ ነበር። ጎረቤቱ ከአገር ቤት ስትመጣ ጠበል ይዛ መጥታ ኖሮ፣ ለጉልበቴ ብላ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀዳችልኝ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ አስገባሁት። ጠበል መሬት አይነካም፤ ስለዚህ ጣቢያው ላይ ቆሜ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እጄ እያቀያየርኩ ባቡር እጠብቃለሁ።

አንድ የኛ ሰው አየሁ። ሠላሳውን ያለፈ፣ ቁመናው ያማረ። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ትናንሽ ወርቅማ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሷል፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነው። ባትሪ የጨረሰ ስልኩን ይዞ ፈረንጆቹን "ዱፖንት? ዱፖንት?" እያለ መሐል ከተማ ያለውን ሰፈር ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄደው ባቡር ውስጥ ሊገባ እግሩን አነሣ።

"ልጄ፣ ያ ወደ ከተማ አይሄድም። ና ወደዚህ" አልኩት።

አማርኛ ሲሰማ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን አልፈካም። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ነው። ቢሆንም መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና ቦርሳዬን ልያዝልዎት አለ። ጠበል ነው፣ መሬት እንዳይነካ አልኩት። ባቡሩ ውስጥ ስንቀመጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው፤ የተኛ ሕፃን የያዘ ነበር የሚመስለው።

መቼም የኛ ነገር ጥያቄ ነው፤ ጀመርኩት። ከካንሳስ ነው የመጣው። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ያነሣል። ዋሽንግተንን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። እሱ ያለበት ከተማ ሲመሽ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል አለኝ። እዚህ ሌሊቱ ደማቅ ነው ሲሉ ሰምቶ፣ ሁለት ዓመት የዕረፍት ቀኑን አጠራቅሞ ለሦስት ቀን መጣ። ዱፖንት ምን ልትሠራ ነው ስለው "ልጨፍር ነው እማማ" አለ። ደስ አለኝ። እኔም በጊዜዬ ሠርግ ቤት ገብቼ ካልጎተቱኝ የማልወጣ ሰው ነበርኩ።

ከዚያ ሁላችንም የምንጠይቀውን ጠየቅኩ። የማን ልጅ ነህ አልኩት። የአባቱን ስም በግማሽ አፉ ተናገረ። አግብተሃል አልኩት። አላገባሁም አለ።

ይሄኔ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። የአስቴር ልጅ ሐና ጌይተርስበርግ ብቻዋን ትኖራለች፤ ነርስ ናት፤ በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች እንጂ ልቧ የኛ ነው። ፎቶዋን አሳየሁት። ደህና አድርጎ አየና ቆንጆ ናት አለ። እንግዲያውስ አሁኑኑ ታናግርሃለች ብዬ ደወልኩ። ስልኩ እየጠራ ነው። እጁን ቀስ አድርጎ እጄ ላይ አኖረ።

"ይዝጉት እማማ።"

ዘጋሁት። ከዚያ ዓይኑን ከቦርሳው ሳያነሣ ተናገረ። ከአውሮፕላን ከወረደ ጀምሮ ያገኘው ሰው ሁሉ የኛው ነው። ታክሲ ነጂው፣ ሆቴል ቁልፍ የሰጠችው ልጅ፣ ቁርስ ያቀረበችለት፣ ሁሉም የማን ልጅ ነህ፣ አግብተሃል ወይ፣ ለምን መጣህ እያሉ ጠየቁት። ዛሬ በባቡር የመጣውም ታክሲ ፈርቶ ነው።

"ለአንዱ ሠርግ ነው አልኩ፣ ለአንዷ ስብሰባ ነው አልኩ። ለእርስዎ ግን ጠበል ይዤ መዋሸት አቃተኝ። እኔ ሴት አላገባም እማማ። የምወደው ወንድ ነው። የምሄድበት ቤትም እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚጨፍሩበት ነው።"

ባቡሩ ከዋሻ ወጥቶ ድልድዩ ላይ ነበር። ወንዙን አየሁ። ምን ልበላችሁ፣ ተነሥቼ ሌላ ቦታ ልቀመጥ አስቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምትለውን አውቃለሁ፤ እዚህም ልከራከር አይደለም የምጽፈው።

ዓይኔን ከወንዙ አላነሣ ስል ቦርሳውን በሁለት እጁ አንሥቶ ዘረጋልኝ።

"እኔ እንድይዘው ካልፈለጉ ይውሰዱት" አለ።

ቁጣ የለውም። የሰጡትን መልሰው ሲወስዱበት የለመደ ሰው ነው የመሰለኝ። እንደዚያ ተጨንቆ እንኳ ወለሉ ላይ አላስቀመጠውም። ጠርሙሱም ቀጥ እንዳለ ነው።

"ያዘው" አልኩት። "ጉልበቴን ያመኛል አላልኩህም?"

መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ወዲያው ሐና መልሳ ደወለች። ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ በስሕተት ነው፣ ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየሁት። እኔም ሳቅኩ።

ባቡር የምንቀይርበት ጣቢያ ደረስን። ቀዩ ባቡር በአንድ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሌላው ወደ ዱፖንት ይሄዳል። እንግዲህ በዚህ ሂድ ብዬ አሳየሁት። አልተንቀሳቀሰም። ሆቴሌ ልመለስ መሰለኝ አለ። በሩ ላይ የሚቆመውም የኛ ሰው ቢሆንስ አለኝ። እናቱ እዚያው ካንሳስ ናት፤ አታውቅም። ሊነግራት ወስኗል፣ ቀኑን ነው ያልቆረጠው። እዚህ የታየ ነገር በሁለት ስልክ እሷ ዘንድ ይደርሳል።

"ከኔ አፍ ነው መስማት ያለባት። ከሰው ከሰማች አትድንም" አለ።

እውነቱን ነው። እኛ ሰዎች ስልክ ላይ እንዴት እንደሆንን አውቃለሁ፤ እኔም ያው ነኝ። ግን ሁለት ዓመት ጠብቆ፣ ያን ሸሚዝ ተኩሶ፣ ሆቴል ገብቶ ሊተኛ? አንጀቴ እምቢ አለኝ።

"ና፣ እኔ አደርስሃለሁ" አልኩት።

ዱፖንት ያለው የሚንቀሳቀስ ደረጃ ማለቂያ የለውም። ከታች ሲያዩት ሰማይ የሚወስድ ነው የሚመስለው። በአንድ እጁ ጠበሉን፣ በአንድ እጁ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዳንስ ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በጊዜ ይከፈታል። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ እኛም ተሰለፍን፤ እዚያው ቆመን ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጻፈ። እኔ በነጭ ቀሚሴና በነጠላዬ፣ እሱ በአበባ ሸሚዙ።

የፈራው አልቀረም። በር ላይ ቆሞ መታወቂያ የሚያየው የማኅበር እህቴ ልጅ ታምራት ነው። ሳምንቱን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቅዳሜን እዚህ። ሲያየኝ የያዘው የእጅ መብራት ሊወድቅ ነበር።

"እማማ ዘነቡ! ምን ሆነው ነው? ጠፍተው ነው?"

አልጠፋሁም አልኩት። ቦርሳውን ከፈተ፤ ሥራው ነው። ጠርሙሱን አየና መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም አለ። ጠበል ነው ስለው እሳት እንደነካው እጁን ሰብስቦ አማተበ።

"ጠበል ይዘው እዚህ? ይሄ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ። አንተም አውቀህ ነው የምትጠብቀው" አልኩት።

ከዚያ የእንግዳዬን መታወቂያ ተቀበለ። ስሙን አነበበ። ቀና ብሎ አየው፣ ደግሞ አነበበ። ቅንድቡን ሲያነሣ ጥያቄው ሊመጣ እንደሆነ አወቅኩ። እንግዳዬ ጠበሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

"አባትህን የማውቃቸው መሰለኝ" አለ ታምራት። "የማን ልጅ ነህ?"

"የኔ ነው" አልኩ።

"የልጅዎ ልጅ ነው?"

"የኔ ነው አልኩህ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ምን ትጠይቃለህ?"

ታምራትን በልጅነቱ አሳድጌዋለሁና አንገቱን ደፋ። መታወቂያውን መለሰ። እንግዳዬ ጠበሉን በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰልፈኛ እያየ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ፣ የሚያመኝን። ገባ።

ታምራት ወንበሩን አመጣልኝና ትንሽ አረፍኩ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙዚቃው ይወጣል። ተረከዙ ስንዝር የሚሆን ጫማ ያደረገ አንድ ረጅም ሰው የቀሚሴን ጥልፍ በጣቱ እያሳየ ደረቱን ይዞ አደነቀልኝ፤ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩት። በሩ አንዴ ገርበብ ሲል እንግዳዬን አየሁት። መሐል ገብቷል፤ ፈረንጅ ከቦታል፤ በዚያ በፈረንጅ ሙዚቃ ላይ እስክስታ ይወርዳል። ከወገቡ በላይ አጥንት ያለው አይመስልም። ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳላውቀው አጨብጭቤያለሁ።

ታምራት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "እማማ፣ እውነት የእርስዎ ነው?"

"ትከሻውን እየው" አልኩት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ከመድረሴ በፊት ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ታምራት ለእናቱ፣ እናቱ ለአስቴር። አስቴር በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የልጁን ስምና የአባቱን ስም ብቻ አስቀረሁ። ሰው ምን ይላል እማዬ አለችኝ። ሁለት ቀን ምግብ ቀርቧል ከማለት ሌላ አላናገረችኝም።

በማኅበሩ ቀን የታምራት እናት ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "ዳንስ ቤት የምትወስጂው የልጅ ልጅ እንዳለሽ ደብቀሽን ኖረሻል ለካ" አለችኝ። አስቴር ምንጣፉን ታያለች።

"አዎ፣ አለኝ" አልኩ። "ካንሳስ ነው ያለው። ሆስፒታል ራጅ ያነሣል። ጠበል መሬት አያስነካም።"

ዳቦው ዞረ፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ እንደ ድሮው አይደውሉልኝም፤ አይከፋኝም ብል ውሸት ነው። ግን ያን ቀን ጫማችንን ስናደርግ አንዷ እጄን ጨብጣ ቶሎ አልለቀቀችኝም።

መኪና ውስጥ አስቴር ብዙ መንገድ ነዳች። ከዚያ "ራጅ አንሺ ነው ያልሽው?" አለች። አዎ አልኳት።

"ዶክተር ብትያቸው ምን ነበረበት" አለች።

እንግዳዬ በመስከረም ለእናቱ ነገራት፤ በራሱ አፍ፣ ማንም ሳይቀድመው። ረጅም ጊዜ አላናገረችውም። አሁን በልተሃል ወይ ብላ ትደውላለች አለኝ፤ እናት ከዚያ ነው የምትጀምረው አልኩት። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ጉልበቴን መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ከዚያ የጨፈረበትን ያወራኛል።

የንስሐ አባቴ ኩራት ኃጢአት ነው ይሉኛል። ሌላውን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐሜቱንም፣ በጾም የቀመስኩትንም። ይህችን አንዷን ኩራት ግን እስካሁን አልተናዘዝኳትም። የምናዘዛትም አይመስለኝም።