አማትና የኋላ ጎማ

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጆሮ ግንድ ላይ አሳርፎ ስለ መኪና ሲያወራ ማን ደፍሮ ይከራከረዋል? "ፊት ጎማው የሚጎትት መኪና እኮ ጋሪ ነው! እውነተኛ መኪና ከኋላ ይገፋል። ነዳጅ ስትሰጠው ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የኋላ ጎማው መሬቱን ይነክሳል፣ የፊቱ ለመሪ ብቻ ነፃ ይሆናል" ይላል። ደንበኞቹ "ኋላ ገፊው" የሚል ስም አወጡለት። እሱም እንደ ሹመት ተቀበለው።

በመጨረሻም ሞተሩ ከፊት፣ የሚገፋው ጎማ ከኋላ የሆነ አሮጌ የስፖርት መኪና ገዛ። የመጀመሪያዋ የክብር ተሳፋሪ አማቱ ሆኑ። ለዓይን ቀዶ ጥገና አራት ወር የጠበቁት ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ካለፈ ሌላ አራት ወር በዳበሳ መኖር ነው።

ሐኪም ቤቱ ያለው ዳገት አናት ላይ፣ ዝናቡ ደግሞ የመንገዱን ድንጋይ ሳሙና አስመስሎታል። ዳገቱ መሃል ላይ መኪናው አጓራ፣ ጎማው ባለበት ፈተለ፣ ቂጡን ወደ ቦዩ አዞረ። ነዳጅ ጨመረለት፤ ባሰበት። ለሦስት ሩብ ጉዳይ።

ኋላ ገፊው መድኃኒቱን አላጣውም፤ የኋላ ጎማው ላይ ክብደት መጫን ነው። የዕቃ መጫኛው ግን ባዶ ነው። መኪናው ውስጥ ያለው ብቸኛ ደህና ክብደት ፊት ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አሁን ይሄ ለአማት እንዴት ተብሎ ይነገራል?

"እማማ፣ ኋላ ቢሆኑ... ይመችዎት ነበር።"

"እኔ ኋላ የምቀመጥ ሴት ነኝ?"

"ኧረ ለአየሩ ብዬ ነው።"

"መስኮት አለኝ።"

ሰዓቱን አየ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጎማው መሬት የሚይዘው ከባድ... ከባድ ነገር ሲጫነው ነው።"

አማቱ በሩን ከፍተው እየወረዱ፣ "ለሰው ሁሉ ስትለፈልፍ ትውልና ይቺን ለማለት ታምጣለህ? በል ደግፈኝ!" አሉት። ጠባቡ የኋላ ወንበር ላይ፣ ልክ ከጎማው በላይ ተደላደሉ። "ደግሞ ቀስ ብለህ እርገጥ። ዳገት በቁጣ አይወጣም።"

ቀስ ብሎ ረገጠ። ጎማው አንዴ ተንሸራተተ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ነከሰ። ነርሷ ስማቸውን ስትጠራ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ነበሩ፤ "አቤት! መጣሁ!" ብለው ገቡ።

ኋላ ገፊው መጠበቂያው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ከጎኑ አንዲት ሴት ሹራብ ትሠራለች፤ በሩ ላይ የቆመው፣ ፊት ጎማው የሚጎትተው፣ ሞተሩም እዚያው ጎማ ላይ የተጫነው ትንሽ መኪና የእሷ ነው።

"እህቴ፣ ያንን ዳገት እንዴት ወጣሽው?"

ከሹራቧ ቀና አለች። "የቱን ዳገት?"