ፍላሹ ያልበራበት ምርቃት

ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ እንደ እኔ ያለ ኩራተኛ ፎቶ አንሺ አልነበረም። የሰው አገጭ ትንሽ ዝቅ ካለ፣ ነጠላው ከተጨማደደ፣ «ቆይ! ቆይ!» ብዬ ሮጬ አስተካክላለሁ። ጓደኞቼ «አንቺ እኮ ሬሳውንም ቀና በል ሳትይው አትቀሪም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ! የእኔ ፎቶ ጥርት ያለ ነው፤ የቅንድብ ጠጉር ይቆጠርበታል።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከዳባት ወጣ ካለ መንደር ለሰርግ ተጠራሁ። ሙሽሪት ደባርቅ ስትማር ደንበኛዬ ነበረች። ገና ከመድረሴ ጎትታ ጓዳ አስገባችኝና፣ «አባቴ ተቀይሞኛል» አለችኝ በሹክሹክታ። አባቷ ከጃናሞራ የባለ ብዙ ከብት ልጅ መርጠውላት ነበር፤ እሷ ግን አስተማሪ ወደደች። በሽማግሌ ልመና እሺ ቢሉም፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ደህና ቃል አልተነፈሱላትም።

«ቢመርቀኝም ከአንገት በላይ እንዳይሆን ነው የምፈራው» አለች። አንጀቴን በላችው።

ሙሽራው ሊወስዳት ሲል፣ እንደ ወጉ ዳሱ ውስጥ የአባቷን ጉልበት ልትስም አጎነበሰች። አባቷ እጃቸውን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርገው ምርቃቱን ጀመሩ። እኔ ካሜራውን ተጫንኩ፤ ፍላሹ አልበራም። ወይኔ ጉዴ! ፍላሹን ስነካካ፣ ስመታው፣ ምርቃቱ አለቀ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አልኩ።

«ምርቃት እንደ ዘፈን ይደገማል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን እንግዳ ላለማሳፈር፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረግ አድርገው እሺ አሉኝ። እኔ ደግሞ መች አፍሬ! «ቀና ይበሉ፣ አገጭዎን ከፍ፣ ወደዚህ ይመልከቱ» እያልኩ አስተካከልኳቸው። ፍላሹም በራ። ደጋግሜ አነሣሁ።

ፊልሙ ጎንደር ታጥቦ ሲመጣ ሙሽሪት ገስግሳ ደረሰች። ፎቶዎቹን ዘረጋሁላት፤ ምን የመሰለ ጥራት! እሷ ግን ባገላበጠች ቁጥር ፊቷ ጠቆረ። አባቷ ችሎት ፊት የቆሙ ይመስላሉ።

«አየሽ? ከልቡ አልመረቀኝም።»

«ኧረ እኔ ነኝ ቀና ይበሉ እያልኩ እንዲህ ያደረግኋቸው!» ብላት ማን ይስማኝ። «ልታጽናኚኝ ነው» አለች።

ቢቸግረኝ፣ ፍላሹ ሳይበራ የተነሣችውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ጠቁራለች፣ ተንጋዳለች፣ ብዥ ብላለች። ገና ከጎንደር ስትመጣ በደንብ ሳላያት ነበር የጣልኳት፤ አሁንም ስሰጣት አፈርኩ። ሙሽሪት ፎቶዋን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። እኔም በትከሻዋ ላይ አየሁ። በዳሱ ቅጠል መካከል የገባ ፀሐይ የአባቷ ፊት ላይ አርፏል። አፋቸው ለምርቃት እንደተከፈተ፣ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል።

«አልቅሷል» አለች። «እኔ አጎንብሼ ነበር እኮ! ጉልበቱን እንጂ ፊቱን መች አየሁት።»

ነጠላዋን ዐይኗ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። እኔም ሥራዬን ትቼ አብሬያት አለቀስኩ።

ትንሽ ቆይታ፣ «ይቺን ትልቅ አድርገሽ አሠሪልኝ» አለችኝ።

«ትልቅ ስትሆን ብዥታው ይብስባታል።»

«ይባስ!» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እንባው ይታይ እንጂ።»