የአባቴ ኮክቴል እና ቀማሿ ሐያት

ሊገነፍል የደረሰ ወተት ከቀረፋና ከገውዝ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ካሳንቺስ የነበረችው የቀበሌ ቤታችን ትመጣብኛለች። አባቴ እዚያው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ባርማን ነበር፤ ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር እሱ ብርጭቆ ሲያጥብ የሚውል፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ያገኘውን ካልቀላቀለና ካልበጠበጠ እጁ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነበር።

ክረምት ሲገባና ቆርቆሮው በዝናብ ሲደበደብ፣ ሻዩ ላይ ዝንጅብልና ቅርንፉድ ጨምሮ ያጠጣን ነበር። ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ንፋስ ሲነሣ ደግሞ፣ ሌላው ሰው «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያለ ሥጋ ሲያምረው፣ አባቴ አጥሚቱ ላይ ማር ጠብ አድርጎ «ይኼ አጥንት ያስንቃል!» እያለ ያድለን ነበር። እናቴ «የሆቴሉን አመል እዚያው ትተኸው ና እንጂ» ትለውና ኩባያዋን አስቀድማ ትዘረጋለች።

የሁሉም ቁንጮ ግን የገናው ነበር። ፈረንጆች በራሳቸው ገና ሆቴሉ መጥተው የሚያዙትን መጠጥ አባቴ አይቶ ተማረና በእኛ ቅመም አበጀው። ወተቱን ማንደጃ ላይ ቀስ አድርጎ እያሞቀ ቀረፋ፣ ገውዝና የተወቀጠ ደረቅ ዝንጅብል ይጨምርበታል፣ የእንቁላል አስኳሉን ከማር ጋር አረፋ እስኪያወጣ ይመታና፣ እንዳይረጋበት በጭልፋ እያፈሰሰ ያዋህደዋል። በበዓሉ ጠዋት ሲሞቅ፣ ለአዋቂዎች ብቻ ብርጭቋቸው ላይ ኮኛክ ጠብ ይደረግላቸዋል፤ እኛም በዚህችው ጠብታ ምክንያት «ኮክቴል» እያልን እንኮራበት ነበር።

ችግሩ መጠጡ የሚሠራው በዋዜማው፣ በጾሙ መሆኑ ነበር። እናቴ የዶሮ ወጧን ጨው ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ በማሽተት ትለይ ነበር፣ የአባቴ ኮክቴል ግን ቅመሙ አፍንጫ ስለሚያፍን በማሽተት አይፈረድበትም። ስለዚህ ቀማሻችን ሐያት ነበረች። ሐያት በአንድ ጭቃ ግድግዳ የምንዋሰናቸው የእትዬ ዘይነባ ልጅና የእኔ እኩያ ነበረች፤ እነሱ ሙስሊሞች ስለሆኑ የእኛ ጾም አያግዳትም። ጭልፋውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትቀምስና «ጋሼ፣ ማር ይቀረዋል» ስትል፣ አባቴ ዳኛ እንደፈረደበት ሰው ቶሎ ይታዘዛት ነበር።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነን ግን ረመዳን ገናን ቀድሞ ገባ። ሐያትም ግማሽ ቀን መጾሟን ትታ ሙሉ ቀን የጀመረችው በዚያው ዓመት ነበር። ያ ገና ደግሞ ለአባቴ ከሌላው ሁሉ ይበልጥበት ነበር፣ ምክንያቱም የእናቴ አባት በዓሉን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። አያቴ «ልጄን ለቡና ቤት ሰው ሰጠሁ» ብለው ካዘኑ ጀምሮ አባቴን «ታፈሰ» ብለው በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ ሲያነሡት «ባልሽ» ወይም «ያ ሰውዬ» ነበር የሚሉት። አባቴ ለምኖ ፈቃድ አገኘና ቤት ዋለ፣ «እጄ ምን እንደሚሠራ አንዴ ይዩልኝ» ብሎም እጅጌውን ሰበሰበ።

ድስቱ ከተጣደ በኋላ ሐያት እንደ ልማዷ መጣች፣ ጭልፋውን ስታይ ግን እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

እትዬ ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆነው «ምላስሽን አስነክተሽ ትፊው የለ፤ ለሚያበስል ሰው ይፈቀዳል» አሏት።

«እኔ አብሳይ አይደለሁም፣ ቀማሽ ነኝ! ካልዋጥኩት ደግሞ አይገባኝም። በቃ፣ አዛን እጠብቃለሁ።»

አባቴ «እውነቷን ነው፣ እንጠብቃለን» አለና ድስቱን ከእሳት አወጣው።

መጠበቁ ቀላል አልነበረም። አባቴ ዝንጅብሉ ያነሰ መሰለውና አንድ ማንኪያ ጨመረ። እሱ ወጣ ሲል እናቴ «ለአባባ ብርድ ይኼ ምን ይሆናል?» ብላ ደገመችው። እትዬ ዘይነባም ሊረዱ ገብተው ማንም ያልጨመረ መስሏቸው፣ «ሽማግሌ ያለበት ቤት ዝንጅብል አይሰሰትም» እያሉ ሠለሱት።

ጀንበር ጠልቃ አዛን ሲሰማ ሐያት በቴምርና በውሃ አፈጠረች፣ ከዚያም ጭልፋውን ይዛ፣ ሁላችን እያየናት፣ ተጎነጨች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ። ጥግ ላይ የተቀመጡትን አያቴንና ፊቷ የቆመውን አባቴን አየችና «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ግን እምቢ ብሏት።

«ሐያት! ጾመኛ ይዋሻል እንዴ?» አሏት እናቷ።

«አፍጥሬያለሁ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ አባቴ ብቻ ድስቱን እያየ ፈዞ ቀረ። ዝንጅብሉን የሚያበርድ ወተት በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? እትዬ ዘይነባ ግን ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ ሌሊት ለሚበሉት ለሱሁር ያስቀመጡትን ወተት ከነማሰሮው ይዘው መጡና ገለበጡበት። ሐያት እየቀመሰች፣ አባቴ ማርና ወተት እየጨመረ፣ «አሁንስ?» «ገና ነው»፣ «አሁንስ?» «ተቃርቧል» ሲባባሉ ቆይተው በመጨረሻ «በቃ፣ እንዳትነኩት!» ብላ ፈረደች። አባቴ ኮኛክ ሳይገባበት የእነሱን ድርሻ ፔርሙስ ሞልቶ ሰጣቸው፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ቆመን ሳለን እነሱ በሱሁራቸው ጠጥተውታል።

ጎህ ሲቀድ፣ እግራችን በብርድ ደንዝዞ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ አባቴ መጠጡን አሙቆ ለአያቴ በሁለት እጁ አቀረበላቸውና «አባባ፣ ኮኛክ ጠብ ላድርግልዎ?» አለ።

«እኔ የእናንተን አረቄ አልጠጣም» አሉና ብርጭቆውን ተቀበሉት። አንድ ጊዜ ፉት አሉ፣ ደግመው ፉት አሉ። አባቴ ቤተ መቅደስ እንደቆመ ሰው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል። አያቴ እስከ አተላው ጨለጡትና ባዶውን ብርጭቆ ዘረጉለት።

«ታፈሰ» አሉት። «ምን ይገትርሃል? ድገመኝ እንጂ። ከዚያችም ጠብ አድርግባት።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሆቴል ውስጥ ጠብታ ሳያባክን ስንት ዘመን የቀዳው አባቴ ግማሹን ምንጣፉ ላይ ደፋው። እኔም በደስታ ማልቀስ እንዳለ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ዛሬ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ቅመሙን ተፈጭቶ፣ ታሽጎ እገዛዋለሁ፣ ልጆቼም ልኩን ከስልካቸው እያነበቡልኝ ኮክቴሉን እሠራዋለሁ፤ ማንም ሳይቀምሰው ልክ ይመጣል፣ ይጣፍጣልም። በዚያን ጊዜ ግን የማን ጾም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚፈታ በግድግዳ በኩል እናውቅ ነበር። አሁን በእኔ ፎቅ ላይ አራት በሮች አሉ፣ ከኋላቸው ማን ምን እንደሚጾም አላውቅም።