ባዶው ማዳበሪያ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ደጋግሞ የሚያገለግል፣ ሲያረጅም አፈር የማያበላሽ የሽንኩርት ማሸጊያ መርጠን እንድንመጣ አዞናል። ሌሎቹ ከኢንተርኔት ሲሠሩ፣ እኔ መምህሩን ደስ ላሰኝ ብዬ ሸዋ ሮቢት ለመሄድ ቆረጥሁ። በቦርሳዬ የቃጫ ጆንያ፣ የወረቀት ከረጢትና አንድ ባዶ ማዳበሪያ ይዣለሁ።

የጣርማ በርን ዋሻ በጉም አለፍን። ከደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሦስት ማንጎ በሃምሳ ብር ገዝቼ ባጃጅ ያዝሁ።

አራት ሰዓት፣ ማሳው ላይ

የማሳው ባለቤት እትዬ ዘይነባ የነቀሉትን ሽንኩርት ከምረው የሚጭንላቸውን አይሱዙ ይጠብቃሉ።

«ምን እግር ጣለሽ ልጄ?»

«ስለ ማዳበሪያ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«አልሃምዱሊላህ! ተፈራ! ኧረ ተፈራ! ስለ ማዳበሪያ መጡ!»

ጎረቤታቸው ጋሼ ተፈራ ዶማቸውን ጥለው ሮጡ። ወዲያው ሰዉ ሁሉ ወደ ገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ተመመ፤ እትዬ ዘይነባም ክምራቸውን ትተው ተከተሉ። ለጥናቴ ይህን ያህል መጓጓታቸው ደስ ብሎኝ አብሬ ሄድሁ።

የመጋዘኑ በር ዝግ ነው። ሰዉ ተራ ይዞ ቆመ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከቦርሳዬ ከረጢቶቹን አወጣሁ።

ጋሼ ተፈራ ማዳበሪያውን ዳሰስ አደረጉት። «ይሄ እኮ ባዶው ነው።»

«አዎ ጋሼ፣ በዚህ ፈንታ ሌላ እንድንጠቀም ነው።»

«ሙሉው ከመጣ ስንት ጊዜው! ጭራሽ ባዶውንም ሊያስቀሩብን ነው?»

የሳቀው ሰው ጥቂት ነበር። እኛ ቤት ማዳበሪያ ማለት እህል መያዣው ነው። እነሱ ዘንድ ግን መጀመሪያ መሬቱ የሚጠብቀው ነው፤ ከረጢቱ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ። ይህ የገባኝ ሰልፉ ሲበተን ነው።

ማሳው ስንመለስ አይሱዙው ጫኝ አጥቶ ወደ ሌላ መንደር ሄዷል። ሾፌሩ በስልክ «ከነገ ወዲያ» አለ። ፀሐዩ ክምሩን ይጠብሰዋል።

እትዬ ዘይነባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የተጣጣፉ አሮጌ ማዳበሪያዎች አውጥተው ሽንኩርቱን ሸፈኑ።

«ይሄ ስንት ዓመት አገለገለ?» አልኋቸው።

«ይሄ? አራት። ሲያልቅለት ገመድ ሆኖ ፍየል ያስራል።»

«አዲስ ከየት ያገኛሉ?»

«ማዳበሪያ ሲመጣ ነዋ! ዘንድሮ እሱም የለ፣ ይሄም የለ።»

ልሰናበት ስል ደህናውን ማዳበሪያ መርጠው ሽንኩርት ሞሉልኝ። እምቢ ብል፣ «ያው ሊበሰብስ ነው፤ ውሰጂ። ማዳበሪያውን ግን መልሺልኝ» አሉ።

ማታ፣ ቤት

መምህሩ በሰጠን ቅጽ ላይ «የተመረጠ ማሸጊያ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። እትዬ ዘይነባ ማንም ሳያስተምራቸው የሚያውቁትን፣ እኔ ላስተምር ሄጄ አንድ ቀናቸውን በላሁ።

ሽንኩርቱ ወጥ ቤት ተዘርግቷል። ማዳበሪያውን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ። ቅዳሜ ልመልስላቸው ነው። መንደሩ መግቢያ ላይ «ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?» ቢሉኝ፣ ምን ብዬ እንደምጠራው እያሰብሁ ነው።